ጋሽ ሞልዶቫና ሠላሳ ሦስቱ ምዕራፎች

የጋሽ ደምሴን መሞት ለሠፈሩ ያረዳሁት እኔ ነኝ። ሥራዬ ነው። ከኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ፌርማታ ጀርባ ባለው ሠፈራችን ሰው ሲሞት፣ ወፍ ሲንጫጫ ጥሩምባዬን ይዤ የምወጣው እኔ ነኝ፤ ከድር ሙዘይን። የእድሩ ጥሩምባ ነፊም፣ የዕቃ ቤቱ ጠባቂም። ስንቱን ክፉ ሰው «ደጉ ሰው አረፉ» ብዬ ለፍፌያለሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ።

ድሮ የሟቹን ስም በጆሮዬ ነግረውኝ፣ በቃሌ ይዤ ነበር የምዞረው። አንድ ጊዜ የሟቹን ትቼ የወንድሙን ስም ለፈፍኩ። ሰውየው በፒጃማ ወጥቶ «አንተ ሰውዬ፣ ቁርሴን እንኳ ሳልበላ ቀበርከኝ!» አለኝ። እስከ ዛሬ ሰላም አይለኝም።

የጋሽ ደምሴን ግን ከወረቀት ነው ያነበብኩት፤ ራሴ ከጻፍኩት ወረቀት። «አቶ ደምሴ ወልዴ አርፈዋል። ቀብራቸው በስምንት ሰዓት ነው። ድንኳኑ የኅብረቱ ነው።» የመጨረሻዋን ማንም አላዘዘኝም። እሳቸው ቢሰሙ ደስ ይላቸው ነበር ብዬ ጨመርኳት። ለምን ደስ እንደሚላቸው ነው እንግዲህ የምጽፈው። መጻፍ የተማርኩት በሃምሳ ስድስት ዓመቴ ስለሆነ ያማረ ቃል ከኔ አትጠብቁ።

ጋሽ ደምሴ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ ሰው ነበሩ። የመነጽራቸው አንድ እጀታ በሽቦ የታሰረ ነው። ቡናማ ሙሉ ልብስ አላቸው፤ በተማሪነታቸው ከሞልዶቫ የገዙት ነው፤ ለሠርግም ለለቅሶም ለቀበሌም እሱው ነው። ወሬ ሲጀምሩ አንድ ጣታቸውን ያነሳሉ፤ ጣቱ እስኪወርድ ማንም አያቋርጣቸውም። ብታቋርጣቸውም አይሰሙህም።

በደርግ ጊዜ ነው የላኳቸው። ሞልዶቫ ያኔ ከሶቪየት ክፍለ አገሮች አንዷ ነበረች፤ ወይን ይበቅልባታል፤ እሳቸውም የወይን እርሻ ተማሩ። «ወይን ተምሬ መጣሁ፤ ጎመን ላይ መደቡኝ» ይላሉ። «ጎመኑን ስለምድ መንግሥት ተለወጠ።» ግቢያቸው ውስጥ በቆርቆሮው አጥር ላይ አንድ የወይን ሐረግ አሳድገዋል። ፍሬው ይኮመጥጣል፤ ይኮመጥጣል ብቻ አይባልም፣ ዓይን ያስጨፍናል። በየዓመቱ በሰሐን እየያዙ ለጎረቤት ያዞራሉ። ሠፈሩ ሰሐኑን ሲያይ በር ይዘጋል። እሳቸው ግን «ዘሩ ደህና ነው፤ ፀሐይዋ ናት የሌለችው» እያሉ ራሳቸው ይበሉታል።

ጋሽ ሞልዶቫ ያልናቸው በዚህ ብቻ አይደለም። ማዞሪያው ላይ ወዳለው ሻይ ቤት ወጣቱ ሁሉ የእንግሊዝ ኳስ ሊያይ ይመጣል። እሳቸው የሚመጡት ሞልዶቫን ሊጠይቁ ነው። ያቺ አገር የአውሮፓውያኑ ኅብረት ውስጥ ለመግባት ትሞክራለች። እሳቸው ደግሞ ልክ እንደ ኳስ ደጋፊ ይከተሏታል። አብሯቸው የተማረ ቫሲሌ የሚባል ጓደኛ አላቸው፤ በስልክ ድምፁን እየቀዳ ይልክላቸዋል። እዚያው ሻይ ቤት ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ይሰሙና፣ ጣታቸውን አንስተው ይተረጉማሉ።

«ዳኞቹን በሙሉ አንድ በአንድ ጠሯቸው» አሉን አንድ ቀን። «‹ይህን ቤት በምን ሠራኸው? ይህችን መኪና ማን ገዛልህ?› ብለው ጠየቋቸው።»

«ከዚያስ?» አለ የሻይ ቤቱ ባለቤት ሙሉጌታ።

«ከዚያማ ግማሾቹ ገና ሳይጠየቁ መልቀቂያ አስገቡ።»

ሻይ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ከጥግ «እዚህ ቢጠየቅ ጋሼ?» አለ። ሳቁ ቀጥ አለ። ሁሉም ሻዩን ማማሰል ጀመረ።

«እነሱም እንደኛው ነበሩ እኮ» ይላሉ ጋሽ ደምሴ። «ያው ሊቀመንበር፣ ያው ስብሰባ፣ ያው ጭብጨባ፣ ያው ሐውልት። ሐውልቱን ሁላችንም አወረድን። ልዩነቱ፣ እነሱ ካወረዱ በኋላ ‹ቀጥሎ ምን ይጠበቅብናል?› ብለው ጠየቁ። ኅብረቱ ምን አላቸው? በሩ ክፍት ነው፤ እግራችሁን ጠርጋችሁ ግቡ።»

ይህን ቃል ስንቴ እንደሰማሁት አልቆጥረውም። በሩ ክፍት ነው፤ እግርህን ጠርገህ ግባ። በቦቲ ጭቃ ተሸክሞ ቤታቸው ለሚገባም እሱን ነው የሚሉት።

ሞልዶቫ ሕዝቧን «ኅብረቱ ውስጥ እንግባ ወይስ አንግባ?» ብላ ድምፅ ያሰጠች ጊዜ ጋሽ ደምሴ ሁለት ቀን እህል አልቀመሱም። መጀመሪያ የተቆጠረው ድምፅ «አንግባ» የሚለው ነበር። ፊታቸው አመድ መስሎ ወደ ቤታቸው ሄዱ። በነጋታው እኔ ዕቃ ቤቱን ስከፍት ያን ቡናማ ልብስ ለብሰው መንገዱ ላይ ደረሱ። «ከድር! አገባን! በባከነ ሰዓት! ውጭ አገር ያሉ ልጆቻቸው ድምፅ መጨረሻ ላይ ደርሶ፣ በፀጉር ስንጥቅ አለፍን!» ብለው አቀፉኝ። እኔ ደግሞ ያኔ አልወዳቸውም ነበር። ለምን እንዳልወደድኳቸው ልንገራችሁ።

የእድራችን ድንኳን ያፈሳል። አንድ ክረምት ለቅሶ ላይ ዝናብ ወረደና የሟች ቤተሰብ በእንባ ይራስ በዝናብ መለየት አቃተን። ከአየር ጤና እስከ ቤቴል ያሉ እድሮች የመሠረቱት ኅብረት አለ፤ ሰፋፊ ድንኳን፣ የቀብር አውቶቡስ፣ አዳራሽ ሁሉ አለው። ጋሽ ደምሴ «እንግባ» አሉ። የኅብረቱን መስፈርት አስመጥተው በጠቅላላ ጉባዔ አነበቡልን። የእድሩ ሊቀመንበር በምርጫ ይሁን። ሴቶች በስማቸው አባል ይሁኑ። አራት ትልልቅ ብረት ድስት ይኑር። ይሄን ሁሉ አጨበጨብኩ። ቀጥለው፦

«ንብረት የያዘ ሰው አንብቦ፣ ስሙን ጽፎ ይፈርማል። አውራ ጣት አይቆጠርም።»

ተነሳሁ። «ጋሽ ደምሴ፣ ይቺ አውራ ጣት ሃያ ዓመት ስትሸከምላችሁ አልቆሸሸችም። ዛሬ ነው የቆሸሸችው?»

«አውራ ጣትህማ ንጹሕ ነው» አሉኝ። «ግን አያነብም።»

ሰው ሳቀ። እኔ ተቀመጥኩ። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ በገመድ አንገቴ ላይ ነበር፤ ሸሚዜ ውስጥ ከተትኩት። ያለ እሱ ቁልፍ እኔ ማን ነኝ? አንድ ያረጀ ተሸካሚ። አቶ ግርማ፣ የእድሩ ሊቀመንበር፣ ሲወጡ ትከሻዬን ቸብ አደረጉኝ። «አይዞህ ከድር፣ አንድ ነገር ጫር ጫር ታደርጋለህ። ማን ያየዋል?» ከዚያ ቀን ጀምሮ ወዳጄ አቶ ግርማ፣ ጠላቴ ጋሽ ደምሴ ሆኑ። ያኔ አቶ ግርማን አንቱ እላቸው ነበር። አሁን ትቼዋለሁ።

ባቀፉኝ ሳምንት አንድ ጠዋት ጋሽ ደምሴ ዕቃ ቤቱ በር ላይ መጡ።

«ክፍት ነው?»

«ለእርስዎ ዝግ ነው።»

ጫማቸውን ማዳበሪያው ላይ ጠርገው ገቡ።

«ሊያባርሩኝ ሕግ አምጥተው፣ አሁን ደግሞ ምን ፈለጉ?»

«ልታልፈው ነው ያመጣሁት።»

«ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው እኮ!»

«ሞልዶቫስ ስንት ዓመቷ ይመስልሃል?»

የልቤን ነገርኳቸው። መሠረተ ትምህርት ሲባል ልጅ ነበርኩ፤ ስማችንን ሊመዘግቡ ሲመጡ ሸሽቻለሁ። ቀን ተሸክሜ ካልገባሁ እናቴ ጦሟን ታድራለች። ፊደል አይበላም። ኋላ ደግሞ አፈርኩ። ያፈረ ሰው ምን ያደርጋል? ይቆጣል። እኔም ሠላሳ ዓመት ተቆጥቼ ኖርኩ። ሰው ደብዳቤ ሲሰጠኝ «መነጽሬን ረስቼዋለሁ» እላለሁ። መነጽር ኖሮኝ አያውቅም።

ጋሽ ደምሴ አላዘኑልኝም። ቢያዝኑልኝ አባርራቸው ነበር። ዙሪያውን ቃኙና አንዱን ብረት ድስት ገለበጡት። ቂጡ ሃያ ዓመት ጥላሸት ጠጥቶ ጥቁር ሰሌዳ ሆኗል። ከኪሳቸው ጠመኔ አወጡ።

«ሞልዶቫ ሠላሳ ሦስት ምዕራፍ አለባት» አሉ። «አንድ በአንድ ትከፍታለች፣ አንድ በአንድ ትዘጋለች። የኛም ፊደል ከሀ እስከ ፐ ብትቆጥረው ሠላሳ ሦስት ነው። እግዜር ላንተና ለሞልዶቫ እኩል ፈተና ሰጣችሁ።»

መጀመሪያ ግን ሀን አልጻፉም። ስሜን ጻፉ። «መሠረታዊ የሚባሉ ምዕራፎች አሉ። ፍርድ፣ ሐቅ፣ እንዲህ ያለው። መጀመሪያ ይከፈታሉ፤ መጨረሻ ይዘጋሉ። ያንተ መሠረት ስምህ ነው። ዛሬ ከፈትነው።»

«ዛሬ ከጻፍኩት ለምን ዛሬ አይዘጋም?»

«መጻፍ ሌላ፣ መፈረም ሌላ። ስትፈርም እናያለን።»

እንዲህ ተጀመረ። ጠዋት ጠዋት በሩን ዘግተን፣ ድንኳኑ ላይ ተቀምጠን፣ በድስት ቂጥ ላይ። ማንም እንዳያውቅ አስምያቸዋለሁ። እሳቸው ግን ዝም ማለት አይችሉም፤ ሻይ ቤት ገብተው «ሰባት ምዕራፍ ዘጋን!» ይላሉ። ሙሉጌታ ሞልዶቫን መስሎት «ፈጠነች እኮ ጋሼ!» ይላል። እኔ ጥግ ቁጭ ብዬ ሻዬን እጠጣለሁ። አንድ ሳምንት ታምሜ ቀረሁ። ሻይ ቤቱ ሁሉ «ሞልዶቫ ምነው ቆመች?» እያለ ተጨነቀ። ጋሽ ደምሴ «ጉንፋን ነው» አሏቸው።

ተጣልተናልም። ሀ አለ፤ ሐ አለ፤ ደግሞ ኀ መጣ። ጠመኔውን ወረወርኩት።

«አንድ ሀ አይበቃም? ይሄ ሌብነት ነው! ማንን ነው የምታሞኙት?»

ጠመኔውን ከድንኳኑ ሥር ፈልገው አመጡ። «ከድር፣ ኅብረት ስትገባ ሕጉን እንዳለ ነው የምትቀበለው። ይቺን እወዳለሁ፣ ያቺን እጥላለሁ የለም። ቫሲሌን ታውቀዋለህ አይደል? ወይኑን የሚጠምቅበት ጓዳ እንዲታይለት ተጠይቆ አንድ ወር ሙሉ ኅብረቱን ሲራገም ነበር። ከዚያ ግድግዳውን ኖራ ቀባ።»

«እና እኔም ኖራ ልቀባ?»

«አንተ ኀን ጻፍ።»

ጻፍኩ።

ፐ ላይ በደረስን በሳምንቱ የኅብረቱ ገምጋሚዎች እንደሚመጡ ተነገረን። ጋሽ ደምሴ ቡናማ ልብሳቸውን አስተኮሱ። ለሞልዶቫ እንደዚያ ሲጨነቁ አላየኋቸውም። «ከድር፣ እኔ ሞልዶቫ ስትገባ ላላይ እችላለሁ» አሉኝ። «ይሄኛውን ግን አያለሁ።»

ገምጋሚዎቹ በሚመጡበት ዕለት ጠዋት ዕቃ ቤቱን ስከፍት አቶ ግርማ ሁለት የቀን ሠራተኛ አስከትሎ መጣ። ሁለት ትልልቅ ብረት ድስት አሸክሟቸዋል። መስፈርቱ አራት ነው፤ እኛ ያለን ሁለት ነው። «ተገዛ» አለኝ። ቂጣቸውን ወደ ግድግዳው አዙሮ አስቀመጣቸውና ወንበር ሊያስመጣ ወጣ።

እኔ የድስቶቻችንን ቂጥ እንደ ልጆቼ ፊት ነው የማውቀው። ተምሬባቸዋለሁ። አዲስ ድስት ደግሞ ጥላሸት የለውም፤ እነዚህ ግን ጠቁረዋል። አንዱን አዞርኩት። ጥላሸቱ ውስጥ ቀይ ቀለም አለ። በእጅጌዬ ጠረግሁት። የ። ታ። ች። ኛ። ው። ጋሽ ደምሴ ለኔ ብለው ያልጻፉትን ጽሑፍ በሕይወቴ ሳነብ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ሠፈር። እድር። የታችኛው ሠፈር እድር።

ድስቱን መልሼ አዞርኩት። ምን ላድርግ? ብናገር ጋሽ ደምሴ የሚሞቱለት ነገር ይፈርሳል፤ አቶ ግርማም ቁልፉን ከአንገቴ ይበጥሳል። ዝም ብል ደግሞ እዚያ ወረቀት ላይ የሚቀመጠው ስሜ ነው። ለሃምሳ ስድስት ዓመት ያልጻፍኩት ስሜ።

ገምጋሚዎቹ መጡ። አንድ ቦርሳ የያዘ ዝምተኛ ሰውዬና ወይዘሮ ጽጌ የሚባሉ፣ ነጠላቸውን ያጣፉ ደርባባ ሴት። ድንኳን ቆጠሩ፤ አግዳሚ ወንበር ቆጠሩ። «ድስት አራት» አለ አቶ ግርማ። ሰውየው ጻፈ። ቅጹን ወደኔ ገፋው። አቶ ግርማ እስክሪብቶ አቀበለኝና በጆሮዬ «ጫር ጫር» አለኝ። ጋሽ ደምሴ ፊት ለፊቴ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ልክ ልጁ እንደሚመረቅለት አባት ተቀምጠዋል።

እስክሪብቶውን አስቀመጥኩት። ሄጄ ድስቱን አዞርኩ።

«የታችኛው ሠፈር እድር» ብዬ አነበብኩ። ጮክ ብዬ። እንደ ጥሩምባ። «ድስቱ የነሱ ነው። ሁለቱም።»

አቶ ግርማ «ይሄ መሃይም አዋረደን!» ብሎ ጮኸ።

«ምን መሃይም?» አሉ ወይዘሮ ጽጌ። «አነበበ እኮ!» ወደ ድስቱ ጎንበስ ብለው አዩና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ውይ! እኔ እኮ ከታችኛው ሠፈር ነኝ! ይሄ የኛ ድስት አይደለም እንዴ? ትናንት ‹ለቅሶ አለብን› ብላችሁ ነው የወሰዳችሁት! እኔማ ከዚህ ወጥቼ ለቅሶ ልደርስ ነበር። ለመሆኑ ማን ሞተ?»

አቶ ግርማ ግድግዳውን አየ።

«ማን ነው የሞተው አቶ ግርማ?» አሉ ደግመው። ከዚያ ሳቃቸው መጣ። ዝምተኛው ሰውዬም ቦርሳው ላይ ተደፍቶ ሳቀ።

እኔ ግን ጋሽ ደምሴን ነበር የማየው። አልሳቁም። መነጽራቸውን አወለቁ፤ ሽቦው አልለቅ ብሎ ታገላቸው። ተነሱ። ጣታቸውን አነሱ።

«ድገመው» አሉኝ።

«ምኑን?»

«ያነበብከውን።»

ደገምኩላቸው። በዚያ በቡናማ ኮታቸው እጅጌ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ኅብረቱ ዓመት ቆይታችሁ ኑ አለን። አቶ ግርማን በቀጣዩ ጉባዔ በድምፅ አወረድነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ከተቀመጠባት ወንበር። ቁልፉ አንገቴ ላይ ቀረ። ያን ዕለት ከጋሽ ደምሴ ጋር ወደ ሻይ ቤቱ ስንሄድ ግን ይህን ሁሉ አላውቅም። አንገቴን ደፍቼ «አበላሸሁብዎ» አልኳቸው።

«መሠረታዊው ምዕራፍ ተዘጋ» አሉኝ።

«አልፈረምኩም እኮ ጋሼ።»

«ለዚህ ነው የተዘጋው።»

ሻይ ቤት ስንገባ ሙሉጌታ ፊታቸውን አይቶ ከባንኮኒው ዘሎ ወጣ። «ገባች? ሞልዶቫ ገባች?»

«ገና ናት» አሉ። «ግን አሁን የሚያቆማት የለም። ለሁሉም ሻይ!» ጋሽ ደምሴ ለሰው ሲጋብዙ ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት። ከዚያ በፊት የሚጋብዙት ወይን ብቻ ነበር።

በዓመቱ ገምጋሚዎቹ ተመለሱ። ሴቶቹ አባል ከሆኑ ወዲህ አዋጥተው ሁለት ድስት አስገዝተው ነበር፤ ቂጣቸው ላይ ስማችንን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ትንሽ ዘመም ብሏል። ወይዘሮ ጽጌ አራቱንም ራሳቸው ገለበጧቸው። «ዛሬስ ማን ሞተ?» አሉኝ። «ማንም አልሞተም እትዬ» አልኳቸው። ቅጹን አነበብኩ፤ ረጅም ጊዜ ፈጀብኝ፣ ሁሉም ጠበቁኝ። ከዚያ ፈረምኩ። ከድር ሙዘይን። ጋሽ ደምሴ አጨበጨቡ፤ ብቻቸውን፣ እንደ ድሮ ስብሰባ።

ከገባን አራት ወር ሳይሞላ እንቅልፍ ላይ እንዳሉ አረፉ። የኅብረቱ ሰፊ ድንኳን በሠፈራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የተተከለው እሳቸው በር ላይ ነው። ዝናብ ዘነበ፤ አንዲት ጠብታ አልገባችም። መዝገቡ ላይ «ድንኳን አንድ፤ ለጋሽ ደምሴ ቤት» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። ሴት ልጃቸው የዚያን ዓመት የወይን ፍሬ በሰሐን አዞረች። ለመጀመሪያ ጊዜ በሩን የዘጋ የለም። ሁሉም በላ፤ ሁሉም ዓይኑን ጨፈነ። ያለቀሰውና የኮመጠጠው አይለይም ነበር፤ ተሳሳቅን።

ዕቃ ቤቱ በር ላይ በቀይ ቀለም «በሩ ክፍት ነው፤ እግርህን ጠርገህ ግባ» ብዬ ጽፌያለሁ። የማይጠርግ ሰው አይገባም፤ ሊቀመንበሩም ቢሆን።

ሞልዶቫ ገና አልገባችም። አሁን ሻይ ቤት ገብቼ ኳሱን አስለውጬ የምጠይቀው እኔ ነኝ። ሙሉጌታ ይነጫነጫል፤ ግን ይለውጥልኛል። እሱም ይፈልጋል፤ አያምንም እንጂ። የገባች ዕለት ወፍ ሲንጫጫ ጥሩምባዬን ይዤ እወጣለሁ። ሠፈሩ ነጠላውን እያጣፋ፣ በፒጃማው፣ በባዶ እግሩ ይወጣና «ማን ሞተ? ከድር፣ ማን ሞተ?» ይለኛል።

ማንም አልሞተም እላቸዋለሁ። ጋሽ ደምሴ ገቡ።